የዶልፊን ኪክ፦ ከ10 ሜትር በኋላ ፍጥነቱ ለምን ይወድቃል?

ገንዳ ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የ15 ዓመት ዋናተኛ አሠለጥናለሁ። ትኩረቷ 100 ሜትር ቢራቢሮ ነው፤ 100 ሜትር የጀርባ ቀዘፋም ትወዳደራለች። የምንሠራበት ገንዳ 25 ሜትር ነው። ውሃው ላይ ከወጣች በኋላ ቀዘፋዋ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ከግድግዳ ተነሥታ እስክትወጣ ባለው ርቀት፣ ከውሃ ሥር ሁለቱን እግሯን አንድ ላይ እያወዛወዘች በምትሄድበት የዶልፊን ኪክ ላይ ነው። እኩል አብረዋት ከታጠፉት ዋናተኞች ሁልጊዜ ወደ ኋላ ቀርታ ትወጣለች።

በቪዲዮ የለካሁት ይህ ነው። እግሯ ግድግዳውን ከለቀቀበት ቅጽበት ጀምሮ ጭንቅላቷ 5 ሜትር ሲደርስ 1.7 ሰከንድ፣ 10 ሜትር ሲደርስ 4.8፣ 15 ሜትር ሲደርስ 8.5። እስከ 15 ሜትር 14 ኪክ ትመታለች። ገንዳው መሃል ላይ፣ ከግድግዳ ግፊት ሳታገኝ፣ በውድድር ፍጥነት 10 ሜትር ቢራቢሮ በ6.8 ሰከንድ ትዋኛለች።

በዓይን የሚታየኝን ልጨምር፦ ጉልበቷ በጣም ይታጠፋል፣ ተረከዟ ወደ መቀመጫዋ ይጠጋል። ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ኪክ በኋላ የተደራረቡት መዳፎቿ ይላቀቃሉ። ኪኩን የምትጀምረው ደግሞ እግሯ ግድግዳውን እንደለቀቀ ወዲያው ነው።

ጥያቄዬ፦ የኪኩን ብዛት ልቀንስላት ወይስ 15 ሜትሩን እንድትለምደው ልግፋ? የጉልበቱን መታጠፍ ለማስተካከል ምን ዓይነት ልምምድ ይሻላል? ፊን (እግር ላይ የሚጠለቀው የዋና መቅዘፊያ) ይጠቅማል ወይስ መጥፎ ልማድ ያስይዛል?

---

ሰዓት ያዥ

ቁጥሮቹን ማስቀመጥዎ ትልቅ ነገር ነው፤ የጥያቄው ግማሽ መልስ እዚያው ውስጥ አለ።

ርቀቱን በ5 ሜትር ቁራጭ እንክፈለው። ከ5 እስከ 10 ሜትር 3.1 ሰከንድ ፈጅቶባታል፤ ይህ በሰከንድ 1.61 ሜትር ነው። ከ10 እስከ 15 ሜትር 3.7 ሰከንድ፤ በሰከንድ 1.35 ሜትር። ላይ ላይ ስትዋኝ ደግሞ 10 ሜትር በ6.8፣ ማለትም በሰከንድ 1.47 ሜትር። ስለዚህ እስከ 10 ሜትር ድረስ ከውሃ ሥር መቆየቷ ያተርፋታል፤ ከዚያ በኋላ ያከስራታል። የመጨረሻውን 5 ሜትር ላይ ላይ ብትዋኘው 3.4 ሰከንድ ይበቃት ነበር። በእያንዳንዱ ተርን (ግድግዳ ላይ ታጥፎ መመለስ) 0.3 ሰከንድ ትጥላለች ማለት ነው። በ25 ሜትር ገንዳ 100 ሜትር ውስጥ ሦስት ተርን አለ፤ ድምሩ 0.9 ሰከንድ ይደርሳል። የመነሻውን ዝላይ አልቆጠርኩትም፤ ከዝላይ በኋላ ያለው ፍጥነት ከግድግዳ ግፊት ስለሚበልጥ ለብቻው መለካት አለበት።

ለጊዜው በውድድር ላይ ጭንቅላቷ 10 ወይም 11 ሜትር ላይ ከውሃ ይውጣ። አሁን ባላት ምት ይህ ስምንተኛው ኪክ ገደማ ነው። ይህ የዛሬ ውሳኔ ነው፤ በየስድስት ሳምንቱ ለክተው ያሻሽሉት። የውሃ ውስጥ ፍጥነቷ ከላይኛው ጋር የሚተካከልበት ነጥብ ወደ 12፣ ወደ 13 ሲሸሽ መውጫዋም አብሮ ይሸሻል።

ሌላው የምቱ ፍጥነት ነው። 14 ኪክ ለ8.5 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 1.65 ኪክ ይመጣል። ይህ ዝግ ያለ ነው። በከፍተኛ ደረጃ የሚወዳደሩት በሰከንድ ከ2 በላይ ይመታሉ። ኪኩ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ ስፋቱ ስለሚበዛ ነው። የእግሯ ጣቶች ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ጫፍ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚጓዙ ከቪዲዮው ቢለኩት ጥሩ ነው። የምቱን ፍጥነት በስፋቱ አባዝተው፣ የተገኘውን ለመዋኛ ፍጥነቷ ሲያካፍሉት የስትሩሃል ቁጥር የሚባለውን ያገኛሉ። ዓሣና ዶልፊን ከ0.2 እስከ 0.4 ባለው ክልል ይዋኛሉ፤ ሰው ከዚያ በላይ ነው። ስፋቱ 70 ሴንቲ ሜትር ነው ብንል፣ 1.65 ሲባዛ 0.70 ሲካፈል 1.5፣ ውጤቱ 0.77 ይሆናል። በሰከንድ 2.1 ኪክ በ50 ሴንቲ ሜትር ስፋት መትታ 1.65 ሜትር በሰከንድ ብትሄድ 0.64 ይሆናል። ቁጥሩን ራሱን ግብ አያድርጉት፤ አነስ ያለና ፈጠን ያለ ምት ወዴት እንደሚወስዳት ለማየት ብቻ ይጠቅማል።

የ15 ሜትሩን ገደብ በተመለከተ፦ በቢራቢሮ፣ በጀርባና በነፃ ቀዘፋ ጭንቅላት 15 ሜትር ላይ ሲደርስ የውሃውን ገጽ ሰብሮ መውጣት አለበት። 15 ሜትር ገደብ ነው እንጂ ዒላማ አይደለም። ገደቡ ገና ሳይኖር፣ በ1988 ሴኡል ኦሎምፒክ ላይ ዴቪድ በርኮፍ በጀርባ፣ በ1996 አትላንታ ላይ ዴኒስ ፓንክራቶቭ በቢራቢሮ ከውሃ ሥር በጣም ርቀው ሲሄዱ የታየው የእነሱ ኪክ ከላይኛው ቀዘፋ ስለሚፈጥን ነበር። ኪኩ ለማይፈጥን ሰው ያ ርቀት ቅጣት ነው።

---

ጥልቅ ውሃ

በሰዓት ያዥ ስሌት እስማማለሁ፤ ግን አሠራሩ ካልተስተካከለ ስምንቱም ኪክ ያው ይሆናል።

የጉልበቱ መታጠፍ ምልክት ነው። መነሻው የላይ ምቱ ነው። አንድ ሙሉ ኪክ ሁለት ምት አለው። በሆድ ሲዋኝ የታች ምቱ ከዳሌ ይጀምራል፦ ጭኑ ቀድሞ ይወርዳል፣ ቅልጥሙ ገና ወደ ኋላ ቀርቶ እያለ ጉልበቱ ውሃው ገፍቶት ይታጠፋል፣ ከዚያ ይዘረጋል፣ በመጨረሻ የእግሩ ጫፍ ይወረወራል። ጅራፍ ሲጮህ እጀታው ቆሞ ጫፉ እንደሚፈጥነው ማለት ነው። የላይ ምቱ ደግሞ እግሩ ቀጥ እንዳለ በመቀመጫ ጡንቻና በጭን የኋላ ጡንቻ ይነሣል። ተረከዙ ከሰውነቱ መስመር ትንሽ ከፍ እስኪል ድረስ ጉልበቱ አይታጠፍም። መታጠፍ የሚጀምረው ጭኑ ለቀጣዩ ምት መውረድ ሲጀምር ነው።

የእርስዎ ዋናተኛ የላይ ምቱን እየዘለለችው ነው። እግሯን በማንሣት ፈንታ ጉልበቷን አጥፋ ተረከዟን ወደ መቀመጫዋ ትስባለች። ያኔ የላይ ምቱ ውሃ አይገፋም። ጭኗ ወደ ታች ወርዶ የሚመጣውን ውሃ ፊት ለፊት ይጋፈጣል። ቀጣዩ የታች ምት ደግሞ ከዳሌ መነሣቱ ቀርቶ የጉልበት ርግጫ ብቻ ይሆናል። ቪዲዮውን ቀስ አድርገው ያጫውቱትና ዳሌዋን ብቻ ይከተሉ፦ ተረከዟ ወደ መቀመጫዋ በተጠጋ ቁጥር ዳሌዋ ቆም ይላል። ፍጥነቱ የሚያልቀው በዚያች ቅጽበት ነው። በየኪኩ ትንሽ ትንሽ እየቆመች 10 ሜትር ላይ ስትደርስ ከግድግዳው ያገኘችው ግፊት ሁሉ አልቋል።

የታች ምቱ መጨረሻ ላይም ልብ ይበሉ። ብዙ ልጆች እግራቸው ታች ሲደርስ ያሳርፉታል። እረፍት የሚባል ነገር የለም፤ ጉልበቱ ተዘርግቶ ሳያበቃ ዳሌው የላይ ምቱን መጀመር አለበት። ሲደክሙ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ መጋጠሚያ ነው።

ስለ ላይኛው አካል፦ እጆቿ ብዙ መወዛወዝ የለባቸውም። የጣቶቿ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ከሆነ ሞገዱን በእጅ እየሠራችው ነው፣ የሚጋፈጣት ውሃም ይበዛል። በሌላ በኩል ደረቷን እንደ ብረት አድርቃ ከያዘች ዳሌው የሚነሣበት መሠረት ያጣል። እጅና ጭንቅላት ጸጥ፣ ደረት ትንሽ፣ ዳሌ መካከለኛ፣ እግር ትልቅ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መዳፎቿ የሚላቀቁት የላይኛው አውራ ጣት የታችኛውን እጅ ስለማይቆልፍ ነው፦ አንዱ መዳፍ በሌላው ጀርባ ላይ ይቀመጥ፣ የላይኛው አውራ ጣት የታችኛውን መዳፍ ጠርዝ አቅፎ ይያዝ፣ ክርኖቹ ተዘርግተው ከጆሮ ኋላ ይጨመቁ፣ ዓይን ወደ ወለል ይይ።

እግሮቿን ደግሞ ትላልቆቹ ጣቶች እንዲነካኩ፣ ተረከዞቹ ትንሽ እንዲራራቁ አድርገው ያስይዟት። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ሲዞሩ ውሃ የሚገፋው የእግር ገጽታ ይሰፋል። ይህ የሚመጣው ከቁርጭምጭሚት ብቻ አይደለም፤ ጭኑ ራሱ ከዳሌ ወደ ውስጥ መዞር አለበት።

---

ባለ ፊን

ወደ ልምምዱ ልግባ።

ከሁሉ በፊት ቀጥ ብሎ የመምታት ልምምድ። እግሯ ወለል የማይነካበት ጥልቅ ቦታ ላይ ቀጥ ብላ ትቁም፣ እጆቿን ደረቷ ላይ ታጣምር፣ 15 ሰከንድ በፍጥነትና በትንሽ ስፋት ትምታ፣ 45 ሰከንድ ትረፍ። ስድስት ጊዜ። ይህን የማስቀድመው ምርመራም ስለሆነ ነው። ባለችበት ከቆየች ሁለቱ ምቶች እኩል ናቸው። ወደ ኋላዋ እየተንሸራተተች ከሄደች የፊት ምቱ (በሆድ ሲዋኝ የታች ምቱ የሚባለው) ብቻ ነው የሚሠራው፤ ውሃውን ወደ ፊት ስትገፋ ውሃው እሷን ወደ ኋላ ይመልሳታል። ይህን ነገሩኝና ቀጥሎ ያለውን እንወስን። ሲለምዳት መጀመሪያ እጆቿን ከውሃ በላይ ታውጣ፣ ከዚያ ስትሪምላይን አድርጋ (መዳፎቿን ከጭንቅላቷ በላይ ደራርባ፣ ሰውነቷን ቀጥ አድርጋ) ወደ ላይ ትዘርጋ፤ በየደረጃው ክብደቱ ይጨምራል።

በጎን መምታት ሁለተኛው ነው። ከግድግዳ ተነሥታ በጎኗ፣ ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ 10 ሜትር። በግራና በቀኝ ጎን ትቀያይር። በጎን ሲሆኑ የእግር መንሳፈፍም ሆነ መስመጥ አንዱን ምት አይረዳም፣ ሌላውንም አያከብደውም። መስመሯን ትታ ወደ ሆዷ ወይም ወደ ጀርባዋ አቅጣጫ ከታጠፈች አንዱ ምት እንደሚበልጥ ወዲያው ይታያል። ቢራቢሮ ላይ በጎን መምታት በውድድርም የተፈቀደ ነው። በቢራቢሮ በጀርባ ተኝቶ መምታት ግን አይፈቀድም፤ ግድግዳውን ሲለቁም በደረት መሆን ግዴታ ነው።

ፊንን በተመለከተ መልሴ አዎ ነው፣ ግን በልክ። አጭር ፊን የምት ፍጥነትን ብዙ ሳይቀንስ የላይ ምቱን ያሳያል፤ እግሯ ስትነሣ በጭኗ ኋላ ክብደት ይሰማታል፤ ያ ክብደት የሚፈለገው ነገር ነው። ረጅም ፊንና ሞኖፊን (ሁለቱን እግር አንድ ላይ የሚይዝ ፊን) ሞገዱ ከደረት እስከ እግር እንዴት እንደሚተላለፍ ያስተምራሉ፣ ሆኖም ምቱን ያዘገያሉ። ደንቡ ቀላል ነው፦ ከጠቅላላው ኪክ በፊን የሚሠራው ከሲሶ አይብለጥ፤ እያንዳንዱ የፊን ዙር ካለቀ በኋላ ወዲያው ያለ ፊን ጥቂት ድግግሞሽ ይከተል። በፊን ጨርሳ ከገንዳ የምትወጣ ልጅ ሰውነቷ የሚያስታውሰው የፊኑን ምት ነው።

ለምት ፍጥነት ደግሞ ኮፍያ ሥር የሚገባውንና ለምቱ ልክ ድምፅ የሚሰጠውን ቴምፖ ትሬነር ይጠቀሙ። አሁን ያለችበት በአንድ ኪክ 0.60 ሰከንድ ገደማ ነው። 0.57 ላይ ይጀምሩ፣ 0.54፣ 0.51 እያሉ ወደ 0.48 ይውረዱ። በየደረጃው አራት ጊዜ 10 ሜትር ያሠሯት፣ ሰዓቱን ይያዙ። ድምፁ ፈጥኖ የ10 ሜትሩ ሰዓት ግን ካልተሻሻለ ስፋቱን ከልክ በላይ አሳንሳዋለች ወይም ጉልበቷ ብቻ እየሠራ ነው፤ አንድ ደረጃ ይመለሱ።

---

ገንዳ ዳር (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ። ሁለቱንም ለካሁ። የጣቶቿ ጉዞ 72 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ቀጥ ብላ ስትመታ ደግሞ በ15 ሰከንድ ውስጥ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ተንሸራታለች። የጀርባ ቀዘፋ ላይ ከግድግዳ ስትወጣ ግን ኪኳ ከቢራቢሮው የተሻለ ይመስላል። ይህ ከምን የመጣ ነው? የአንድ ሳምንት ልምምድስ እንዴት ይደልደል? ኪኩን ከግድግዳ ወዲያው መጀመሯ ችግር ነው?

---

ባለ ፊን

እንግዲህ ተረጋገጠ፤ የፊት ምቷ ብቻ ነው የሚሠራው። በጀርባ የተሻለች የመሰለችው ጉልበቷን ማጠፍ ስለማይመቻት ይሆናል፤ በጀርባ ተኝቶ ተረከዝን ወደ መቀመጫ መሳብ ማለት ቅልጥሙን ወደ ጥልቁ መጣል ነው፣ ሰውነቷም መስመጥ ሲጀምር ይሰማታል። ይህን ተጠቀሙበት። በጀርባ 10 ሜትር ትምታ፣ ጉልበቷ የውሃውን ገጽ እንዳይሰብር ትጠንቀቅ፣ በአፍንጫዋ ቀስ ብላ ያለማቋረጥ አየር ታውጣ፣ ቀጥሎ ያንኑ ስሜት ይዛ በሆዷ 10 ሜትር።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቂ ነው። ከማሟሟቂያ በኋላ ወዲያው ይሁን፤ እግሯ ከደከመ በኋላ የሚሠራ ኪክ የድሮውን ስህተት ነው የሚያጠነክረው።

የመጀመሪያው ቀን የአሠራር ቀን ነው፦ ቀጥ ብሎ 6 ጊዜ 15 ሰከንድ፣ በጎን 8 ጊዜ 10 ሜትር፣ በጀርባና በሆድ እየተቀያየሩ 8 ጊዜ 10 ሜትር፣ ሁሉም በእረፍት። ሁለተኛው የፍጥነት ቀን፦ 8 ጊዜ 10 ሜትር በሙሉ ኃይል፣ በየ1 ደቂቃው እየተነሡ፣ አራቱ በአጭር ፊን አራቱ ያለ ፊን። ሰዓትና የኪክ ብዛት ይመዝገብ። ሦስተኛው የተርን ቀን፦ ከገንዳው መሃል በውድድር ፍጥነት ገብታ፣ ታጥፋ፣ 7 ወይም 8 ኪክ መትታ፣ ሁለት ሙሉ የቢራቢሮ ቀዘፋ ጨምራ ታቁም፤ 10 ጊዜ፣ በየ1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ።

በተቀረው ልምምድ ሁሉ፣ ቀላልም ይሁን ከባድ፣ ከየግድግዳው ቢያንስ አምስት ኪክ ይሁን። በልምምድ ሁለት ኪክ መትታ የምትወጣ ልጅ ውድድር ቀን ስምንት አታመጣም።

---

ሰዓት ያዥ

ኪኩ መቼ ይጀመር ለሚለው፦ አዎ፣ ወዲያው መጀመሯ ችግር ነው። ግድግዳውን ስትለቅ ያላት ፍጥነት ኪኳ ሊሰጣት ከሚችለው በጣም ይበልጣል። በዚያ ፍጥነት ላይ እግሯን ስታወዛውዝ ግፊት አትጨምርም፤ ጥሩውን ስትሪምላይን አፍርሳ ራሷን ታቆማለች። ከልክ በላይ ብትዘገይ ደግሞ ፍጥነቷ ከኪኳ በታች ወርዶ እንደገና ለማንሣት ትደክማለች።

በስሜት መገመት አያስፈልግም። ሦስት ዓይነት ይሞክሩ፦ ወዲያው መጀመር፣ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ተንሸራትቶ መጀመር፣ አንድ ሰከንድ ተንሸራትቶ መጀመር። እያንዳንዱን አራት ጊዜ፣ ቅደም ተከተሉን እየቀያየሩ፣ ጭንቅላቷ 7.5 ሜትር የሚደርስበትን ሰዓት ይያዙ። ልዩነቱ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ሊሆን ስለሚችል በእጅ ሰዓት አይያዝም። በሰከንድ 60 ምስል በሚቀርጽ ስልክ አንዱ ምስል 0.017 ሰከንድ ነው፤ ይበቃል። ካሜራው ከ7.5 ሜትሩ ምልክት ትክክል ፊት ለፊት ይቁም፤ ከግድግዳው በኩል ወይም ከሩቅ በሰያፍ ከተቀረጸ ርቀቱ ይሳሳታል። የመስመር መለያው ገመድ ላይ 5 ሜትሩና 15 ሜትሩ በቀለም የተለዩ ስለሆኑ እነሱን ይጠቀሙ፤ ለመሃከለኛዎቹ ገንዳው ዳር ምልክት ያኑሩ።

የመጀመሪያው ኪክ አነስ ብሎ ይጀምር። ትልቁ ኪክ መጀመሪያ ሲመጣ ዳሌው ይዘልላል፣ አቅጣጫዋም ይበላሻል።

---

ጥልቅ ውሃ

ጥልቀቱ አልተነሣም። የውሃው ገጽ አጠገብ የሚሄድ ሰው ጉልበቱን ማዕበል በመሥራት ያባክናል፤ ከ0.5 እስከ 1 ሜትር ባለው ጥልቀት ይህ ብክነት በጣም ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ቢወርዱ ትርፍ የለውም፣ ለመውጣትም ተጨማሪ መንገድ ይሆናል። ከዳር ቆመው ሲያዩ በላይዋ ያለው ውሃ እያበጠ ወይም እየፈላ የሚሄድ ከሆነ ቅርብ ናት። ተርን ላይ እግሯ ግድግዳውን የሚረግጥበት ቦታ ከውሃው ገጽ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይውረድ፤ ግፊቱ አግድም ወይም በጣም ትንሽ ወደ ታች ያዘነበለ ይሁን። ከላይ ረግጣ ወደ ታች የምትገፋ ልጅ መጀመሪያ ትሰምጣለች፣ ከዚያ ሽቅብ ትወጣለች፤ ሁለቱም መንገድ ያስረዝማሉ።

የመውጫው ነገር ደግሞ ከኪኩ እኩል ሊያሳስበን ይገባል። ጥሩ ስምንት ኪክ በመጥፎ አወጣጥ ይጠፋል። በቢራቢሮ መነሣት የሚጀምረው ከመጨረሻዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ኪኮች ነው፣ በዝቅተኛ ማዕዘን። ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ ላዩን መፈለግ የለባትም፤ ቀና ስትል ዳሌዋ ይወድቃል። ክንዶቹ መሳብ የሚጀምሩት የጭንቅላቷ ጀርባ ውሃውን ሊነካ ሲል ነው፣ ገና ጥልቅ እያለች ከጀመረች ክንዷ ከውሃ ሳይወጣ ይታገላል። የመጀመሪያውን ቀዘፋ ሳትተነፍስ ትጨርሰው። በጀርባ ቀዘፋ ደግሞ የመጨረሻው የዶልፊን ኪክ ካለቀ በኋላ እግሮቹ ሳያርፉ ወደ ተለዋጭ ኪክ ይገባሉ፣ አንዱ ክንድ ብቻ ይስባል፣ ሌላው ከጭንቅላት በላይ ተዘርግቶ ይጠብቃል። ሁለቱም እጆች አብረው ከተላቀቁ እዚያው ትቆማለች።

ሰዓት ያዥ 0.9 ሰከንድ ያለውን ትርፍ ሙሉ በሙሉ የምታገኘው አወጣጧ ንጹሕ ከሆነ ብቻ ነው።

---

ቁርጭምጭሚት

ከገንዳ ውጭ ስላለው ጥቂት ልጨምር።

ወለል ላይ እግሯን ዘርግታ ትቀመጥ፣ ጉልበቷ ሳይታጠፍ ጣቶቿን ወደ ፊት ትዘርጋ። የእግሯ ጀርባ ከቅልጥሟ ጋር ቀጥ ያለ መስመር ካልሠራ ቁርጭምጭሚቷ ደረቅ ነው። በተረከዟ ላይ በቀስታ መቀመጥ፣ ሁለት ጊዜ 30 ሰከንድ፣ በየቀኑ። የእግር ጀርባ ሲለጠጥ ይሰማ፤ ጉልበት ውስጥ ሕመም ከተሰማ ግን ወዲያው ይቁም። የላላ ቁርጭምጭሚት ብቻውን በቂ አይደለም፣ በላስቲክ ገመድ ጣትን ወደ ፊት መግፋትና ወደ ውስጥ ማዞር፣ 2 ጊዜ 15፣ ይጨመርበት።

ሁለተኛው ፈተና ትከሻ ነው። ጀርባዋን ግድግዳ ላይ ትደገፍ፣ የታችኛው ጀርባዋ ግድግዳውን ሳይለቅ ስትሪምላይን ሠርታ በእጇ ጀርባ ግድግዳውን ትንካ። ወገቧ ወደ ፊት ካልተቆለመመ በቀር የማይነካ ከሆነ፣ ውሃ ውስጥም መዳፏ የሚላቀቀው ወይም ወገቧ የሚቆለመመው ለዚህ ነው። በየትኛውም ቃል ብትነግሯት አይስተካከልም፤ የደረት አከርካሪና የብብት አካባቢ ጡንቻ መፍታታት አለበት።

ለላይ ምቱ፦ በሆድ አግዳሚ ላይ ተኝቶ፣ ዳሌ ጫፉ ላይ ሆኖ፣ ሁለቱን እግር ቀጥ አድርጎ ማንሣት፣ 3 ጊዜ 12። በጀርባ ተኝቶ እግርና ትከሻን ትንሽ አንሥቶ መያዝ፣ 3 ጊዜ 25 ሰከንድ። ለግድግዳ ግፊት ከቁጢጥ መዝለል፣ 4 ጊዜ 5። በዚህ ዕድሜ ተጨማሪ ክብደት አያስፈልግም።

---

የገንዳ ጠባቂ

አንድ ነገር ሳይባል እንዳይቀር። ከውሃ ሥር የሚሠራ ማንኛውም ልምምድ ትንፋሽ መያዝን ይጠይቃል፤ በዚህ ልምምድ የሚሞቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥሩ ዋናተኞች ናቸው።

ከመጥለቅ በፊት በፍጥነት ደጋግሞ በጥልቀት መተንፈስ ክልክል መሆን አለበት። ሰውነት «ተንፍስ» የሚለው በዋናነት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ነው። ደጋግሞ መተንፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አስቀድሞ ያወርደዋል፤ ኦክሲጅኑን ግን የሚጨምረው እምብዛም ነው። ስለዚህ ኦክሲጅን አልቆ ዋናተኛው ራሱን ሲስት ማስጠንቀቂያው ገና አልመጣም። ከውጭ ሲታይ ሰውየው በጸጥታ እየተንሸራተተ ይመስላል።

ስለዚህ፦ ከመነሣቷ በፊት አንድ ወይም ሁለት መደበኛ ትንፋሽ። በድግግሞሾች መካከል ትንፋሿ እስኪረጋጋ እረፍት። ብቻዋን በፍጹም። ማን ይርቃል የሚል ውድድር የለም። ከውሃ ሥር 25 ሜትር በአጭር እረፍት ደጋግሞ ማሠራት ደግሞ ለዶልፊን ኪክ ጥቅም የለውም፤ ውድድር ላይ ከ15 ሜትር በላይ አይፈቀድም፣ ከደከሙ በኋላ ያለው ኪክም ዘገምተኛ ነው። ከላይ የተጻፉት የ10 ሜትር ድግግሞሾች ትክክለኛ ምርጫ ናቸው። መፍዘዝ፣ የከንፈር መጥቆር ወይም የእጅ እግር መንቀጥቀጥ ከታየ ልምምዱ ለዚያ ቀን ያበቃል። ዓይኑን ከውሃው የማይነቅል ሰው ዳር ላይ ይኑር፤ ሰዓት የያዘው ሰው ያንን ሥራ አብሮ ሊሠራው አይችልም።

---

ገንዳ ዳር (ጠያቂ)

ለሁሉም ከልብ አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ለውድድር የኪኩ ብዛት በሦስቱም ተርን እኩል ይሁን ወይስ እየቀነሰ ይሂድ?

---

ሰዓት ያዥ

እኩል ይሁን። ቁጥሩን የሚወስነው ሦስተኛው ተርን ነው፤ እዚያ ላይ በጥሩ አሠራር መያዝ የምትችለው ስድስት ከሆነ በሦስቱም ስድስት ትምታ። መጀመሪያው ላይ ዘጠኝ መትታ መጨረሻው ላይ አራት የምትመታ ልጅ የመጨረሻውን 25 ሜትር በባዶ ትንፋሽና በደረቀ እግር ነው የምትዋኘው። ለማወቅ 100 ሜትሩን በውድድር ፍጥነት አንዴ አሠሯትና ሦስተኛውን ተርን ብቻ ይቅረጹ። ዳሌዋ በየኪኩ መቆም የሚጀምረው ስንተኛው ላይ እንደሆነ ይቁጠሩ፣ ከዚያ አንድ ይቀንሱ።

የዝላዩን ለብቻው ይለኩ። ከዝላይ በኋላ ኪኩ የሚጀመረው ዘግየት ብሎ፣ ጭንቅላቷ 6 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው፤ እዚያ ላይ አንድ ወይም ሁለት ኪክ ከተርኑ ቢበልጥ ችግር የለውም።